«መጡ» ስንል አንድ ሰው ነው ወይስ ብዙ? (የእሳቸውና የእነሱ ጉዳይ)

አስተርጓሚዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬ ለሐበሻ ታካሚዎች በሆስፒታልና በስልክ ማስተርጎም ነው። በየቀኑ የሚያታግለኝ ነገር አለ፣ በቁም ነገር የሚያወራኝ ሰው ስላጣሁ እዚህ ላምጣው።

አንድ ታካሚ «ትናንት መጥተው አዩኝ፣ መድኃኒቱን አቁም ብለውኛል» ይላል። ማነው የመጣው? አንድ አንቱ የተባሉ ሐኪም ናቸው ወይስ ተሰብስበው የሚዞሩት ሐኪሞች? አማርኛው አይነግረኝም። እንግሊዝኛው ደግሞ ወንድ ናቸው፣ ሴት ናቸው፣ ብዙ ናቸው፣ አንዱን ምረጪ ይለኛል። አክብሮቱ ሲገባ ቁጥሩ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ ጾታውም አብሮ ነው የሚሄደው። መድኃኒት አቁም ያለው አንድ ሐኪም ይሁን ቡድኑ በሙሉ ደግሞ ለነርሷ ትልቅ ልዩነት አለው፣ ማንን ደውላ እንደምትጠይቅ ማወቅ አለባት።

ስልክ ላይ ይብሳል። ልጅቷና እናቷ በአንድ ስልክ እየሰሙኝ «ነገ ጠዋት ይምጡ» ብል፣ እናትየውን «እርስዎ ይምጡ» ማለቴ ነው ወይስ ልጅቷን «እሳቸው ይምጡ» እያልኳት ነው ወይስ «እነሱ ይምጡ»? ሦስቱም አንድ ቃል ናቸው።

ሌላው ቋንቋ ይህን እንዴት ነው የሚያደርገው? እኛስ ለምን እንዲህ ሆንን?

የደብረ ማርቆሱ መምህር

እህቴ፣ ይህ በሰዋስው ክፍል ውስጥ በደንብ የማይነገር ነገር ነው። ትንሽ ልዘርዝረው።

አማርኛ በተውላጠ ስም ላይ ብዙ ቁጥር የሚሠራው በ«እነ» ነው። አንተ ላይ ሲገባ እናንተ፣ እሱ ላይ እነሱ፣ ማን ላይ እነማን፣ ዚህ ላይ እነዚህ። ይቺው «እነ» ግን በሰው ስም ላይም ትገባለች። «እነ አበበ መጡ» ስንል ብዙ አበበዎች መጡ ማለታችን አይደለም። አበበና ከእሱ ጋር ያሉት መጡ ነው። ስለዚህ «እናንተ» ሥሩን ብታዪው «አንተና ያንተ ሰዎች» ነው። ለዚህ ነው ስልክ ደውለሽ ለአንድ ሰው «እናንተስ ደህና ናችሁ?» ስትዪው የሚስቱንና የልጆቹን የጤና ሁኔታ የሚነግርሽ፣ እነሱ አጠገቡ ባይኖሩም።

«እኛ»ም ልብ ብትዪው እንደዚያው ነው። ሁለት ወንበርና ሦስት ወንበር እንደሚደመር ሁለት «እኔ» አይደመርም፤ የሚናገረው አንድ ነው፣ ሌሎቹን በስሙ ይዞ ነው የሚናገረው።

አሁን ወደ አክብሮቱ። እርሱ፣ እርሷ፣ እርስዎ፣ እርሳቸው ሁሉም የመጡት ራስ ከሚለው ቃል ነው፣ በግዕዝ ርእስ። «እርሱ» ማለት መነሻው «ራሱ» ነው። ተውላጠ ስሙ እንዲህ ራሱን ችሎ ሲወጣ ግሡ ግን ከብዙ ቁጥር ተበደረ፦ እርስዎ መጡ፣ እሳቸው መጡ፣ እነሱ መጡ። እርስዎ ቢያንስ ሌላ ቦታ ላይ ይለያል። ነዎት እንላለን፣ ጠራሁዎት እንላለን፣ ቤትዎ እንላለን። እሳቸውና እነሱ ግን ተውላጠ ስሙን ካልጠራሽው በስተቀር መላ የላቸውም፤ ናቸው፣ ጠራኋቸው፣ ቤታቸው፣ ሁሉም አንድ ነው። እኛ ደግሞ ተውላጠ ስም ሳንጠራ መናገር እንወዳለን።

አንድ ልጨምር። ብዙ ሰው ላይ ስንደርስ አክብሮቱ ራሱ ይጠፋል። አንድ ሽማግሌ «እርስዎ» ይባላሉ። ሦስት ሽማግሌዎች አንድ ላይ ከተቀመጡ «እናንተ» ናቸው፣ ሦስት ሕፃናትም «እናንተ» ናቸው። ለብዙ ሰው የሚሆን የአክብሮት ተውላጠ ስም አልሠራንም።

ግዕዝ ተማሪ

መምህር እንዳሉት ነው፣ ግን የጠፋብን ነገር ብዙ መሆኑንም እንይ። ግዕዝ ላይ ወንዶችን ስትጠራ አንትሙ፣ ሴቶችን ስትጠራ አንትን ነው። ስለ ወንዶች ስታወራ መጽኡ፣ ስለ ሴቶች ስታወራ መጽኣ። አማርኛ ሁለቱን ጨፍልቆ «መጡ» አደረጋቸው። ከዚያ ደግሞ በዚያችው በ«መጡ» ላይ አክብሮት ጫነባት። አንድ ግሥ ይህን ሁሉ ሲሸከም አስተርጓሚ ቢቸገር አይገርምም።

ግዕዝ ላይ ደግሞ ለአንድ ሰው «አንትሙ» ብሎ ማክበር የለም። ንጉሡም አንተ ነው፣ እግዚአብሔርም አንተ ነው። ዛሬም በአማርኛ ስንጸልይ «ስምህ ይቀደስ» እንጂ «ስምዎ» አንልም። እርስዎ ለሰው ነው የመጣው።

የመቐለ ልጅ

በትግርኛ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው ያደረግነው። ያ የድሮው የብዙ ቁጥር መልክ፣ «ኩም» የሚለው፣ ወደ አክብሮት ሄደ። አንድ ትልቅ ሰው ንስኹም ይባላል፣ ሴት ከሆነች ንስኽን። ታዲያ ለብዙ ሰው ምን ቀረ? ቋንቋው አዲስ ሠራ፦ ንስኻትኩም ለወንዶች፣ ንስኻትክን ለሴቶች። ሦስተኛ መደብም እንዲሁ። ንሶም አንድ የተከበሩ ሰውዬ ናቸው፣ ንሰን አንዲት የተከበሩ ሴት፤ ንሳቶምና ንሳተን ደግሞ ብዙዎቹ ናቸው።

ግሡ ግን ለእኛም አንድ ነው፣ አልዋሽሽም። «መጺኦም» ብዬ ዝም ካልኩ አንድ ሽማግሌ ናቸው ወይስ ብዙ ሰዎች አታውቂም። ጾታው ግን ይተርፍልሻል። «መጺአን» ካልኩ አንዲት እናት ናቸው ወይም ሴቶች ብቻ ናቸው። ለአንቺ ሥራ ይቺ ግማሽ መፍትሔ ናት።

ከጅማ

በአፋን ኦሮሞ እኛ አዲስ ቃል አልሠራንም፣ ብዙ ቁጥሩን እንዳለ ነው ያከበርንበት። አንተ «አቲ» ነው፣ እናንተ «ኢሲን» ነው፤ ትልቅ ሰው ሲሆን አንዱንም «ኢሲን» እንለዋለን፣ ግሡም «ዹፍተን» ይሆናል፣ ማለትም «መጣችሁ»። ስለ ትልቅ ሰው ስናወራም «ኢሳን» ነው፣ እነሱ የሚለው ራሱ። ስለዚህ አያቴን ሳናግራቸው ሰዋስዉ ላይ ብዙ ናቸው። አማርኛ ግን እርስዎ ሲል ግሡ «መጣችሁ» አይደለም፣ «መጡ» ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው እዚያ ማዶ እንዳለ አድርጎ ነው የሚያወራው። ይሄ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ከሽቱትጋርት

@ከጅማ ያልከው ነገር ጀርመንኛ ላይ ቁልጭ ብሎ አለ! እዚህ የአክብሮቱ ቃል «ዚ» ነው፣ «እነሱ» የሚለውም «ዚ» ነው። ሲጻፍ የአክብሮቱ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ሲነገር ግን ምንም ልዩነት የለም። «ዚ ኮመን» ማለት «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እነሱ ይመጣሉ» ነው፣ ልክ እንደኛ። ጀርመንኛ ስማር ሌሎቹ ተማሪዎች ሲጨነቁ እኔ ወዲያው ገባኝ፤ እኔ እቤቴ የለመድኩት ነው።

ልዩነቱ ጀርመኖች የሚያከብሩት ፊት ለፊታቸው ያለውን ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ሐኪሙ ወጥተው ከሄዱ በኋላ «መጣ፣ አየኝ፣ ሄደ» ነው፣ በነጠላ። እኛ ሰውዬው በሌሉበትም እናከብራቸዋለን። የአስተርጓሚዋ ችግር የመጣው ከዚህ ነው። ፈረንሳይኛም «ቩ» ብሎ በብዙ ቁጥር ሲያከብር ስለሌለ ሰው ሲያወራ ግን ወደ ነጠላ ይመለሳል። የሌለን ሰው በብዙ ቁጥር ማክበር እንደኛ ያጠበቀው አውሮፓ ውስጥ አላጋጠመኝም።

ስቶክሆልም_

እኔ አቋሜን በግልጽ ልናገር። እዚህ ስዊድን ውስጥ ሁሉም ሰው «ዱ» ነው፣ አንተ። ሚኒስትሩም ዱ፣ ፕሮፌሰሩም ዱ፣ ጎረቤቴም ዱ። 1967 ላይ ብሮር ሬክሰድ የሚባሉ ሰው የአገሪቱ የጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲሆኑ ሠራተኞቹን ሁሉ ዱ እላችኋለሁ፣ እናንተም ዱ በሉኝ አሉ፤ ነገሩ ቀድሞም ተጀምሮ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን አገሩን ጠቀለለው። ማንም ክብሩ አልተቀነሰም። እኛም እርስዎን ብንተው ቁጥሩም ይጠራል፣ ጾታውም ይጠራል፣ ወጣቱም አለቃው ፊት አፉ አይያዝም። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ጎበዝ ልጅ ነው ስብሰባ ላይ «እርስዎ እንዳሉት» ሲል ሐሳቡን ውጦ የሚቀረው?

ታሪክ ወዳድ

@ስቶክሆልም_ ተረድቼሃለሁ፣ ግን የስዊድኑን ታሪክ ሙሉውን እንይ። ስዊድኖች እርስዎን የመሰለ የሚመች ቃል አልነበራቸውም። «ኒ» የሚለው የብዙ ቁጥር ቃላቸው ለአንድ ሰው ሲባል እንደ ንቀት ይቆጠር ነበር፣ ማዕረግ የሌለው ሰው ነው ኒ የሚባለው። ስለዚህ ሰውን ለማናገር ማዕረጉን እየደጋገሙ «ዶክተሩ ቡና ይፈልጋሉ?» ማለት ነበረባቸው፣ ዶክተሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ። ማዕረጉን ካላወቅህ ደግሞ ምን ትላለህ? ሕዝቡ ተቸግሮ ስለነበር ነው ዱ ሲመጣ የተቀበለው። እኛ ግን ይህ ችግር የለብንም፤ እርስዎ ለማንም የማናውቀው ሰው ይሆናል።

ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ለውጥ ሌላ ምሳሌ አለው። ሙሶሊኒ በ1938 ጣልያኖች ለአክብሮት «ሌይ» የሚሉትን ትተው «ቮይ» እንዲሉ አዘዘ። እሱ ሲወድቅ ሌይ ተመለሰ። እኛም አገር ደርግ «ጓድ»ን አመጣ፣ ክቡርና ክቡርነትዎን ገፋ፤ እርስዎን ግን ከሰው አፍ አላወጣውም። ተውላጠ ስም በአዋጅ አይሄድም።

ነገሥታቱን በተመለከተ አንድ የምወደው ነገር ልናገር። አፄ ምኒልክ ለአድዋ ሲያውጁ «አኖረኝ» ብለው ነው፣ በነጠላ፣ እኔ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ንግግር ሲያደርጉ ግን «እኛ» ነበር የሚሉት፣ አንድ ሰው ሆነው። አዋጁን ስሰማው እዚያ ዙፋን ላይ አንድ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ «እኛ»ን ስሰማ ግን መንግሥት ነው የሚናገረው። ተውላጠ ስም ይህን ያህል ሥራ ይሠራል።

ስቶክሆልም_

የ«ኒ»ን ነገር ልክ ነህ፣ እዚህ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ወጣት አስተናጋጅ ኒ ሲላቸው ቅር ይላቸዋል። ቢሆንም ስብሰባ ላይ አፉ ስለተያዘው ልጅ ያልኩት ላይ እቆማለሁ።

ከሐይፋ

የዕብራይስጡን ልንገራችሁ። እዚህ የአክብሮት ተውላጠ ስም የለም። «አታ» አንተ፣ «አት» አንቺ፣ «አተም» እናንተ። ለሴቶች ብቻ «አተን» የሚል አለ፣ በጽሑፍ እንጂ በንግግር እየቀረ ነው፣ ለሁሉም አተም ይላሉ። ግዕዝ ተማሪ ያለው የአንትሙና የአንትን ነገር እዚህም ዓይናችን እያየ እየሆነ ነው።

ግን እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። በዘመቻ ሰሎሞን በ1983 ዓ.ም. የመጡ ሽማግሌዎች ዕድሜ ልካቸውን እርስዎ ሲባሉ ኖረው የሃያ ዓመት ጸሐፊ «አታ» ትላቸዋለች። ጸሐፊዋ ባለጌ አይደለችም፣ ቋንቋዋ ሌላ አልሰጣትም። ሽማግሌው ግን ጆሯቸው የሚሰማው አንተ መባላቸውን ነው። ልጅ ልጆቻቸውም በዕብራይስጥ አስበው በአማርኛ ሲናገሩ «አባባ፣ በላህ?» ይላሉ። ስለዚህ እርስዎን እንተው ለሚለው ወንድሜ፣ እኛ ጋ ሳንወስን ተትቷል፣ ትልልቆቹም ተጎድተዋል።

ከጅጅጋ

ሁላችሁም ስለ እርስዎ ብቻ ታወራላችሁ፣ «እኛ» ላይ ያለው ክፍተት ደግሞ ይብሳል! በሶማሊኛ ሁለት እኛ አለ። «ኢናጋ» ካልኩህ አንተም አለህበት። «አናጋ» ካልኩህ እኛ ያለ አንተ ነን። ቤታችን የሚለውም ሁለት ነው፦ «ጉሪጌና» የእኔም የአንተም ቤት፣ «ጉሪጋያጋ» የእኛ ቤት፣ አንተ እንግዳ ነህ። አማርኛ ላይ አንድ ሰው «እኛ እንሄዳለን» ሲለኝ ልነሳ ወይስ ልሰናበት ግራ ይገባኛል። ባለሥልጣን «ችግራችንን እንፈታለን» ሲል እኔ አለሁበት ወይስ የለሁበትም? ሶማሊኛ ላይ ቢሆን ይህን መደበቅ አይችልም ነበር።

ቃላት ለቃሚ

@ከጅጅጋ ወርቅ ነገር ነው ያመጣኸው። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ቶክ ፒሲን የሚባል ቋንቋ አለ፣ አብዛኛው ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። «ዩሚ» ማለት እኛ፣ አንተ ያለህበት። «ሚፔላ» ማለት እኛ፣ አንተ የሌለህበት። እንግሊዝኛው ራሱ ይህ ልዩነት የለውም፣ የአገሬው ሰው ግን በራሱ ቋንቋዎች የለመደው ስለሆነ ከተዋሰው ቃል ላይ ሠራው። በዚህም አያቆሙም፤ «ዩቱፔላ» እናንተ ሁለታችሁ፣ «ዩትሪፔላ» እናንተ ሦስታችሁ ነው።

ለሁለት የተለየ ተውላጠ ስም መደበኛው ዓረብኛም አለው፣ «አንቱማ» እናንተ ሁለታችሁ። ዱባይ ወይም ሪያድ የኖራችሁ ግን ከሰው አፍ አትሰሙትም፣ በንግግር ላይ ሁለትም ሃያም «ኢንቱ» ናቸው።

የመምህሩ «እነ» ደግሞ ጃፓንኛ ላይ ወንድም አላት። ታናካ የሚባል ሰው ካለ «ታናካ ታቺ» ይሉታል፣ እነ ታናካ ማለት ነው። ያው «ታቺ» እኔ ላይ ሲገባ እኛ ይሆናል፣ «ዋታሺ ታቺ»። እኔና የእኔ ሰዎች።

አትላንታ

እንግሊዝኛውንም አንተወው፣ አስተርጓሚዋ የምትታገለው ከሱ ጋር ነው። «ዩ» የምንለው ድሮ ብዙ ቁጥር ነበር። ለአንድ ሰው «ዛው» ነበር የሚባለው። ዩ እንደ እኛ እርስዎ ለአክብሮት ገባ፣ ከዚያ እየሰፋ እየሰፋ 17ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ዛውን ከዕለት ንግግር አባረረው። ዛሬ ለአንድ ሰው «ዩ አር» የምንለው ለዚህ ነው፣ ግሡ የብዙ ነው። አሁን ሁሉም ሰው «እርስዎ» ሆኖ «እናንተ» ጠፋ። የጠፋውን ለመሙላት እዚህ ደቡብ ያለው ሰው «ያል» አለ፣ እናንተ ማለት ነው። ልጆቼ ትምህርት ቤት ሄደው ያል ይዘው ሲመጡ ደስ ነው ያለኝ፣ በአማርኛ የለመዱትን እናንተ በእንግሊዝኛም አገኙት።

አስተርጓሚዋ ደግሞ «ዘይ»ን፣ እነሱ የሚለውን፣ እንዳትፈሪ። ቁጥሩን ካላወቅሽ ዘይ ለአንድም ይሆናል፣ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው።

አስተርጓሚዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ደጋግሜ አነበብኩት። @አትላንታ ዘይን እጠቀማለሁ፣ ግን ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ ስትሰማው ብዙ ሐኪሞች ነው የምትለው፣ ስለዚህ አያድነኝም። ደግሞ «ያዙኝ»፣ «ሰረቁኝ»፣ «ደወሉልኝ» የሚለው የእኛ አነጋገር አለ፣ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ በብዙ ቁጥር የሚባለው። የጥገኝነት ጉዳይ የሚያስተረጉሙ ባልደረቦቼ በዚህ በጣም ይጨነቃሉ። «ጠርተው አስፈራሩኝ» ያለው ሰው አንድ አለቃውን አክብሮ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ቁጥር ተተርጉሞ ሌላ ቀን «አንድ ሰው ነው» ቢል ቃሉን ቀየረ ይባላል። ሰውዬው አልቀየረም።

እናንተን ሳነብ የገባኝ፣ አማርኛ ቁጥሩን ስሙ ላይና ቅጽሉ ላይ ያስቀምጠዋል። «ሐኪሙ መጡ» አንድ ናቸው፣ «ሐኪሞቹ መጡ» ብዙ ናቸው፣ ግሡ አንድ ቢሆንም። «ትልቅ ሰው ናቸው» አንድ፣ «ትልልቅ ሰዎች ናቸው» ብዙ። «እርስ በርሳቸው» ከተባለ አንድ ሰው ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ግሡን ትቼ ጆሮዬን እዚያ ላይ አደርጋለሁ። ስሙ ከሌለ አቆምና ለሁለቱም ወገን አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች ብዬ «አንድ ሰው ናቸው ወይስ ብዙ?» እላለሁ። ታካሚዎቹ አይከፋቸውም፣ ያውቁታል።

እርስዎን መተው ግን አልፈልግም @ስቶክሆልም_። አልጋ ላይ ተኝተው ልብሳቸውን ለማያውቁት ሰው ያወለቁ እናት ከእኔ አፍ እርስዎ መባልን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የማየው ነገር አለ።

የደብረ ማርቆሱ መምህር

ጥሩ አድርገሻል። ቅጽልና ስሙን ማዳመጥ ትክክለኛው መንገድ ነው።

ቅጽ አዘጋጅ

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ይቅርታ። እኔ የማኅበረሰብ ጤና ቅጾችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። «ከማን ጋር ይኖራሉ?» ብዬ ስጽፍ ሰዎች አንድ ስም ብቻ ይጽፋሉ፣ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው እያለ። ምን ብል ይሻላል?

የደብረ ማርቆሱ መምህር

«ከእነማን ጋር ይኖራሉ?» በለው። ከሥሩ ደግሞ ለስም አንድ መስመር ሳይሆን ብዙ መስመር ተው።